የኡጋብ ግንብ፦ ለዝሆን ብለው ድንጋይ የሚሸከሙ ሰዎች

ሌሊት ነው። በሰሜን ምዕራብ ናሚቢያ፣ ኡጋብ በሚባለው ወንዝ ዳር አንድ ፍየል አርቢ ቤተሰብ ተኝቷል። ኡጋብ ወንዝ ይባል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ውሃ የሚገኘው ከቤቱ አጠገብ ከተቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ፓምፑ ውሃውን ስቦ ሮቶ ውስጥ ያጠራቅማል። ከሮቶው በቧንቧ ይወርድና የፍየሎቹን ገንዳ ይሞላል።

ዝሆኖቹ የሚመጡት በዚህ ሰዓት ነው። የውሃው ሽታ ከሩቅ ይጠራቸዋል። ዝሆን ደግሞ ንጹሕ ውሃ ይወዳል። ፍየል ስትጠጣበት ከዋለችው ገንዳ ይልቅ ከምንጩ መጠጣት ይፈልጋል። ስለዚህ ኩምቢውን ወደ ሮቶው ይሰዳል፤ ክዳኑን ያነሳል። ክዳኑ እምቢ ካለው ይገፋዋል። ቧንቧ ካገኘ ይነቅላል። አንድ የደረሰ ዝሆን በቀን እስከ 200 ሊትር ሊጠጣ ይችላል። አምስት ስድስት ሆነው ከመጡ ሮቶው ባዶውን ይቀራል። ጠዋት እናት ጀሪካን ይዛ ስትወጣ የሚጠብቃት የተሰበረ ቧንቧ፣ ጭቃ የሆነ መሬትና ውሃ ጠምቷቸው የሚጮኹ ፍየሎች ናቸው።

የማወራችሁ ስለ እንዲህ ዓይነቷ ጠዋትና ከእሷ በኋላ ስለሚመጡት ድንጋይ ተሸካሚዎች ነው። በአፍሪካ ዱር የበጎ ፈቃድ ሥራ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው የአንበሳ ደቦል አቅፎ ፎቶ መነሳት ነው። እኔ ከማውቃቸው ሁሉ በጣም የማከብረው ግን አንድም እንስሳ የማይነካበትን፣ በገበሬው ውሃ ዙሪያ የድንጋይ ግንብ የሚቆምበትን ይህን የኡጋብ ሥራ ነው። ለምን እንደሆነ በዝርዝር ላስረዳ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

ዝሆኖቹ ተመለሱ፤ ሰዎቹ ግን አያውቋቸውም

አካባቢው ዳማራላንድ ይባላል። የናሚቢያ ትልቁ ተራራ ብራንድበርግ፣ 2,573 ሜትር፣ እዚያው ነው ያለው። ዝናብ እንደ ብርቅ ነው። በምዕራቡ በኩል በብዙ ዓመት 100 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚህ ምድር ላይ ዝሆን ይኖራል ሲባል መጀመሪያ የሰማ ሰው አያምንም።

የበረሃ ዝሆን ይሏቸዋል። ለብቻው የተለየ ዘር አይደሉም። ባቢሌ ወይም ኦሞ ካለው የእኛው ዝሆን ጋር አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነታቸው የኑሮ ዘዴያቸው ነው። በትንንሽ ቡድን ይንቀሳቀሳሉ። ውሃ ሳይጠጡ ቀናት መቆየት ይችላሉ። በደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይ ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። ምግባቸው በአብዛኛው በወንዙ ዳር የበቀለው ዛፍ ነው። ከዛፎቹ አንዱን እኛም እናውቀዋለን። በትግርኛ ሞሞና፣ በኦሮምኛ ገርቢ የሚባለው የግራር ዘመድ ነው። ይህ ዛፍ ከሌላው በተቃራኒ በበጋ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ፍሬውንም የሚያረግፈው ሌላው ሁሉ በደረቀበት ሰዓት ነው። የእኛ ገበሬ ለከብቱ የሚለቅመውን ያንን የተጠማዘዘ ፍሬ እዚያ ዝሆኑ ዛፉን እየነቀነቀ አርግፎ ይበላዋል። የበረሃ ዝሆኖቹ በጠቅላላው 150 አካባቢ እንደሆኑ ይገመታል።

አሁን ወደ ችግሩ ሥር እንግባ። በአፓርታይድ ዘመን፣ ከ1960ዎቹ የሰፈራ ዕቅድ በኋላ፣ ያኔ ናሚቢያን ይገዛ የነበረው የደቡብ አፍሪካ መንግሥት የዳማራን ሕዝብ ወደዚህ ደረቅ መሬት አሰፈረው። መሬቱ ከዚያ በፊት የነጮች የከብት እርሻ የነበረበት ቦታ ብዙ ነው፤ የውሃ ጉድጓዱም ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከባድ ድርቅ መጣ። አደኑም ተጧጧፈ። ዝሆኖቹ አለቁ፤ የቀሩት ወደ ሰሜን ሸሹ። ኡጋብ ዳር ዝሆን የሚባል ነገር ጠፋ።

የዚያን ጊዜ አንድ ትልቅ ሥራ ተጀመረ። ጋርዝ ኦወን ስሚዝ የሚባል ሰው ከአካባቢው የጎሳ መሪዎች ጋር ተቀምጦ መከረ። መሪዎቹ ከራሳቸው ሰዎች ውስጥ ዱሩን ጠንቅቀው የሚያውቁትን መረጡና ጠባቂ አደረጓቸው። ዩኒፎርም የለበሰ ታጣቂ ከዋና ከተማ አልመጣም። ኦወን ስሚዝና የሥራ አጋሩ ማርጋሬት ጄኮብሰን ለዚህ ሥራ በ1993 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማትን አግኝተዋል። ናሚቢያ በ1990 ነፃ ከወጣች በኋላ ደግሞ በ1996 ሕግ ወጣ። ሕጉ አንድ ማኅበረሰብ ክልሉን ከልሎ፣ ኮሚቴ መርጦ፣ በውስጡ ባለው የዱር እንስሳ እንዲጠቀም ፈቀደ። አደኑ ቀነሰ። እንስሳው በዛ። እንደ መንግሥት ግምት የአገሪቱ ዝሆን በ1995 ከነበረው 7,500 ገደማ ተነስቶ ወደ 24,000 ደርሷል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ዝሆኖቹ ወደ ኡጋብ ተመለሱ። ይህ የምሥራች ነው። ግን እስቲ ራሳችሁን በዚያ ቤተሰብ ቦታ አስቀምጡ። በጠፉበት ዘመን የተወለደ ልጅ አድጎ ፍየል ማርባት ጀምሮ ነበር። ዝሆን አይቶ አያውቅም። ዝሆን ሲቆጣ ጆሮውን እንዴት እንደሚያደርግ፣ ከግልገሏ ጋር ካለች እናት ምን ያህል መራቅ እንዳለበት፣ በነፋሱ በየት በኩል መቆም እንዳለበት ማንም አላስተማረውም። አንድ ቀን በድንገት የዝሆን መንጋ ደጁ ላይ ቆመ። ዝሆን ደግሞ ሰው ይገድላል። ፍርሃቱ የከንቱ ፍርሃት አልነበረም።

ድንጋይ፣ ሲሚንቶ፣ ደቦ

ኤህራ የሚባለው ድርጅት የተነሳው በዚህ መካከል ነው። ሙሉ ስሙ ኤለፈንት ሂውማን ሪሌሽንስ ኤይድ ነው፤ የዝሆንና የሰውን ግንኙነት የሚረዳ እንደ ማለት። የናሚቢያ ድርጅት ነው፤ ሥራውን በ2003 ጀመረ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሰው ዝሆንን የሚጠላው ውሃውን ስለሚያጠፋበት ከሆነ መጀመሪያ የሰውየውን ውሃ እናድን።

መፍትሔው ግንብ ነው። በሮቶው፣ በጉድጓዱና በፓምፑ ዙሪያ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ይቆማል። ግንቡ ከሮቶው ትንሽ ራቅ ይላል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። የዝሆን ኩምቢ ሁለት ሜትር ያህል ይረዝማል። ግንቡ ሮቶው ላይ ተጠግቶ ቢሠራ ዝሆኑ ከውጭ ሆኖ ኩምቢውን አሻግሮ ክዳኑን ያነሳዋል። ስለዚህ በግንቡና በሮቶው መካከል ኩምቢ የማይደርስበት ክፍተት ይተዋል። ከፍታውም ዝሆን እግሩን አንስቶ ሊሻገረው የማይችል መሆን አለበት። ዝሆን እንደ ፍየል አይዘልም፤ ያ ክብደት አይፈቅድለትም። ለዚህ ነው ተራ የድንጋይ ግንብ ምድር ላይ ያለውን ትልቁን የየብስ እንስሳ የሚያቆመው።

ግንቡን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካ፣ ከሌላም አገር ይመጣሉ። አንድ ዙር ሁለት ሳምንት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ግንባታ፣ ሁለተኛው ዝሆን መከታተል። የግንባታው ሳምንት እንደዚህ ነው፦ ገና ሳይነጋ ይነሳሉ፤ ምክንያቱም ከረፋዱ በኋላ ፀሐዩ አያስጠጋም። ከፊሉ በመኪና ሄዶ ከየሜዳው ድንጋይ ይለቅማል። ከድንጋዩ ሥር ጊንጥ ሊኖር ስለሚችል መጀመሪያ በእግር ገልበጥ ማድረግ፣ ከዚያ ማንሳት ነው። ከፊሉ አሸዋና ሲሚንቶ ያቦካል። ግንበኛው ድንጋዩን አገላብጦ ፊቱን ያያል፤ ቦታውን ይመርጥለታል። ትልቁ ከታች፣ ትንሹ ክፍተት መሙያ። እኩለ ቀን ላይ ሥራ ቆሞ ሁሉም ጥላ ይፈልጋል። ፀሐይ ሲበርድ እንደገና። ማታ በተራ ወጥ ሠሪ አለ፤ እሳቱ ዙሪያ ይበላል፤ ድንኳን ውስጥ ይተኛል። በዚህ ሳምንት አንድም ዝሆን ላያዩ ይችላሉ።

ይህን ሳነብ ትዝ የሚለኝ ደቦ ነው። ደቦ ላይ የጠሩህን ሰው እህል ታጭዳለህ እንጂ የራስህን አይደለም። ሥራውን የሚመርጠው ባለ ማሳው ነው። እዚህም ግንብ የሚያስፈልገው የትኛው ቤት እንደሆነ የሚወጣው ከገበሬውና ከማኅበረሰቡ ነው። ልዩነቱ ደቦ ላይ ጠላውን የሚያቀርበው ባለ ማሳው ሲሆን እዚህ ሠራተኛው ራሱ ከፍሎ መምጣቱ ነው። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

ግንቡ ብቻውን በቂ አይደለም። ዝሆኑን ከውሃ ብቻ ብትከለክለው ሌላ ጎረቤት ጋ ሄዶ ይሰብራል። ስለዚህ ከመኖሪያው ራቅ ብሎ ለዝሆኑ የሚሆን የውሃ ገንዳ ይሠራል። ዝሆኑ ሌሊት ይመጣል፣ ይጠጣል፣ ይሄዳል። ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ አይገባም። ከዚህ ሌላ ድርጅቱ ለገበሬዎችና ለተማሪዎች ትምህርት ይሰጣል። ትምህርቱ እንደ ነገርኳችሁ ያ ያልተማሩት ነገር ነው፤ የዝሆንን ጠባይ ማንበብ።

ጆሮ ማንበብ

ሁለተኛው ሳምንት ሰው ከሩቅ የመጣለት ሳምንት ነው። በመኪና ደረቁን ወንዝ ይዘው ኮቴ ይከተላሉ። ሌሊት ድንኳን እንኳ የለም፤ ከዋክብት ሥር ነው የሚተኛው። ዝሆን ሲያገኙ ከመኪና አይወርዱም፤ ርቀታቸውን ጠብቀው ሞተር ያጠፋሉ።

የሚያዩት ጆሮውን ነው። የዝሆን ጆሮ ጠርዝ እንደ ሰው አሻራ ነው። አንዱ ከላይ ተቀዷል፤ ሌላዋ ከታች ቀዳዳ አላት፤ ሦስተኛው ጠርዙ እንደ መጋዝ ተሸርፏል። ጥርሱም፣ የጭራው ፀጉርም ምልክት ነው። በጎ ፈቃደኛው ፎቶ ያነሳል፤ ስንት እንደሆኑ፣ ማን ከማን ጋር እንደሆነ፣ የት እንደነበሩ ይጻፋል። እንዲህ ዓመት ከዓመት ሲጠራቀም እያንዳንዱ ዝሆን ታሪክ ያለው ግለሰብ ይሆናል።

ይህ መዝገብ ጥቅሙ ሰፊ ነው። መንጋው ወደየት እየሄደ እንደሆነ ከታወቀ ገበሬው ቀድሞ ይነገረዋል። ከዚህም በላይ መጥፎውን ዜና ቀድሞ የሚናገረው መዝገቡ ነው። ባለፉት ዓመታት በኡጋብ የተወለዱ ግልገሎች በብዛት ሳያድጉ መሞታቸው የታወቀው እያንዳንዷን እናት በጆሮዋ ለይተው በሚያውቁ ሰዎች ነው። ዝሆን 22 ወር አርግዛ አንድ ትወልዳለች። 150 በማይሞላ ወይም በትንሹ በሚበልጥ ሕዝብ ውስጥ አንዲት ግልገል መሞቷ ከባድ ነገር ነው።

ከባዱ ጥያቄ

በጎ ፈቃደኞቹ ይከፍላሉ። ይህን የሰማ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው አንድ ነው፦ "እንዴ! ከፍዬ ድንጋይ ልሸከም?" ጥያቄው ተገቢ ነው። ከእሱ የሚከብደው ግን ሌላኛው ነው። ናሚቢያ ውስጥ ሥራ አጥ ወጣት ሞልቷል። ከሎንዶን መጥቶ ድንጋይ አስተካክሎ መደርደር ከማያውቅ ሰው ይልቅ የመንደሩ ግንበኛ በግማሽ ጊዜ ይጨርሰዋል። ታዲያ ለምን እሱ አይቀጠርም?

እኔ ይህን ጥያቄ ብዙ አሰላስዬዋለሁ። የደረስኩበት እንዲህ ነው። እዚያ ያለው ችግር የጉልበት እጥረት አይደለም። የሚያጥረው ሲሚንቶ፣ ነዳጅና መኪና ነው። የበጎ ፈቃደኛው ክፍያ እሱን ይሸፍናል። ጉልበቱ ከክፍያው ጋር አብሮ የመጣ ነው። አንድ ገበሬ እንዲህ ያለ ግንብ በራሱ ገንዘብ ላቁም ቢል ስንት ፍየል ሸጦ ይችላል? ስለዚህ ሥራው ከአካባቢው ሰው እንጀራ አልነጠቀም ብዬ አምናለሁ። ሥራውን የሚመሩት፣ ዱካ የሚያነቡት፣ ቋንቋውን የሚናገሩት የአገሩ ሰዎች መሆናቸው ደግሞ ያስደስተኛል።

ግን ደካማ ጎኑንም አልሸፍንም። ገንዘቡ በአውሮፕላን የሚመጣ ገንዘብ ነው። በ2020 ኮሮና ድንበር ሲዘጋ በጎብኚና በበጎ ፈቃደኛ ላይ የቆመ ሥራ ሁሉ በመላው ናሚቢያ ተንገዳገደ። ዝሆኑ ግን መጠጣቱን አላቆመም። እንዲህ ያለ ሥራ ሌላ መቆሚያ ያስፈልገዋል።

የነዳጁም ጉዳይ አለ። ብዙ ፓምፕ የሚሠራው በናፍጣ ነው። ዝሆኖች የጠጡትን 1,000 ሊትር እንደገና ለመሳብ ናፍጣ ያስፈልጋል፤ ናፍጣውን የሚገዛው ገበሬው ነው። ቱሪስቱ ዝሆን አይቶ ይደሰታል፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ባለ ፍየሉ ነው። በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ ይህን ሸክም ያቀላል። እኔን ብትጠይቁኝ ለዚህ አካባቢ የሚደረግ ማንኛውም እርዳታ ከዚህ ቢጀምር ይሻላል።

የደቦሏ ፎቶ

ጀርመን የምትማር የእህቴ ልጅ አለች። ባለፈው ዓመት ፎቶ ላከችልኝ። አንዲት ፈረንጅ ልጅ የአንበሳ ደቦል በጡጦ ታጠባለች። "አክስቴ፣ እኔም ልሂድ ነው፤ ወላጅ አልባ ደቦሎችን ማሳደግ ነው ሥራው" አለችኝ። ደስታዋን ማጥፋት ከበደኝ። ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ደወልኩላት።

የነገርኳት ይህን ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከ8,000 በላይ አንበሶች በአጥር ውስጥ ይረባሉ። በብዙዎቹ ቦታዎች ደቦሏ ወላጅ አልባ አይደለችም። በተወለደች በቀናት ውስጥ ከእናቷ ተወስዳ ነው። ግልገል የሌላት እናት ቶሎ እንደገና ታረግዛለች፤ ዱር ቢሆን ሁለት ዓመት ያህል ይቆይ ነበር። ደቦሏን በጎ ፈቃደኛው ከፍሎ ያጠባታል። ስታድግ ከጎብኚ ጋር ትራመዳለች። ከዚያ ብዙዎቹ አጥር ውስጥ ለአዳኝ ይሸጣሉ፤ አጥንታቸውም ወደ እስያ ሲላክ ኖሯል። ሰው እጅ ላይ ያደገ አንበሳ ዱር አይመለስም፤ ሰውን አይፈራማ። የአገሪቱ መንግሥት ያቋቋመው ከፍተኛ ኮሚቴ በ2021 ይህ የአንበሳ እርባታ እንዲቆም ሐሳብ አቀረበ፤ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሯም ተቀበሉት። መዝጋቱ ግን እየተንቀረፈፈ ነው።

እሷም "ታዲያ ጥሩውን በምን ልለየው?" አለችኝ። ስለ ኡጋብ ያጫወትኳት ያኔ ነው። እንስሳውን ትነኪያለሽ ወይ ብለሽ ጠይቂ አልኳት። መልሱ አዎ ከሆነ ተጠንቀቂ። ሥራውን ማን ጠየቀ? አንቺ ስትመለሺ እዚያ የሚቀረው ማን ነው? ባለ ፍየሉ ስለ ሥራው ቢጠየቅ ምን ይላል? ትንሽ ዝም አለችና "እና ዝሆኑን አልነካውም ማለት ነው?" አለችኝ። "አትነኪውም" አልኳት።

ከዱር ወደ ሻርጃ

ግንብ በማይኖርበት ቦታ ጠቡ በምን እንደሚያልቅም እናውቃለን። በታኅሣሥ 2020 የናሚቢያ መንግሥት 170 ዝሆኖች ለሽያጭ አቀረበ። ምክንያቱ ድርቅና ከሰው ጋር ያለው ግጭት እንደሆነ ተናገረ። ከሽያጩ አካባቢዎች አንዱ ከኡጋብ ብዙም የማይርቀው ኦማቼቴ ነበር። 57ቱ ገዢ አገኙ። ከእነዚህ 22ቱ በመጋቢት 2022 በአውሮፕላን ተጭነው ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ሄዱ። አልዓይንና ሻርጃ ባሉ የእንስሳት ማቆያዎች ገቡ። ኤምሬትስ የምትኖሩ ወገኖች ልጆቻችሁን ይዛችሁ እነዚህን ቦታዎች ስትጎበኙ ይህን ታሪክ አስታውሱ። በ2024 ደግሞ ከባድ ድርቅ ሲመጣ መንግሥት 723 የዱር እንስሳት ታርደው ሥጋቸው ለተራበ ሕዝብ እንዲከፋፈል ወሰነ። ከእነዚያ ውስጥ 83ቱ ዝሆኖች ነበሩ።

በመንግሥቱ ላይ ከሩቅ ሆኖ መፍረድ አይከብድም። እኔ አልፈርድም። የተራበ ሕዝብ ያለበት አገር ነው። ገበሬውም ልጁን በዝሆን ሊያጣ ይችላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ግንብ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ቦታ አለው። ሮቶው ያልተሰበረበት ገበሬ "ዝሆኑን አስወግዱልኝ" ብሎ አቤት የሚልበት ምክንያት አንድ ይቀንስለታል።

የእህቴ ልጅ ለሚቀጥለው ክረምት ማመልከቻ አስገብታለች። አሁን የምትጠይቀኝ ስለ ጓንት ነው፤ ለድንጋይ የሚሆን ወፍራም የቆዳ ጓንት የት እንደሚገኝ።